ለመቅበር ደንብ አለን፣ ለመጦርስ?

ሁሩታ የሚኖሩት አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፡፡ ለብዙ ዓመታትም የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ነበሩ፡፡ ለበዓል በሄድኩ ቁጥር የዕድሩን መዝገብ ማገላበጥ ልማዴ ነበር፡፡ አንድ ጊዜ ታዲያ ፊደላቸው ከገጽ ወደ ገጽ እያነሰ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ጉንዳን የሄደበት መስሎ አየሁት፡፡ «ወረቀት እየቆጠቡ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ፡፡ የፊደል ማነስ አንዱ የፓርኪንሰን በሽታ ምልክት መሆኑን የሰማሁት ሁለት ዓመት ዘግይቼ፣ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው፡፡

እኛ ልጆቻቸው ተበታትነን ስለምንኖር ሸክሙ አብራቸው ባለችው ታናሽ እህቴ ትከሻ ላይ ወደቀ፡፡ «ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው» እንላለን፡፡ ለመቅበሩ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ መዋጮና የቀሪ መቀጫ አለን፡፡ ለመጦሩ ግን አንድ ገጽ የተጻፈ ነገር የለንም፡፡ ያችን ገጽ ለመጻፍ ስንሞክር የተማርነውን ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ፡፡

በሽታውን ማወቅ

ፓርኪንሰን ተራ እርጅና አይደለም፤ የሰው ዓይንም አይደለም፡፡ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በጽሑፍ የገለጸው የአንጎል በሽታ ነው፡፡ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመርቱ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ሰውነት ይዘገያል፣ ይገትራል፣ ሚዛን ይስታል፡፡ እጃቸው ጨርሶ የማይንቀጠቀጥ ሕሙማንም አሉ፡፡ ፊት ስሜት የማያሳይ ስለሚሆን ጠያቂ «ተቆጥተውኛል» ብሎ ይሄዳል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፡፡ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም ምልክቱን የሚያቀል አለ፡፡

የመድኃኒቱ ሰዓት

ዋናው መድኃኒት ከካርቢዶፓ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሌቮዶፓ ነው፡፡ ሐኪሙ ያዘዘው ሰዓት ሲዛነፍ ሰውነት እንደተቆለፈ በር ይሆናል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፡፡ ብዙውን ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል፡፡ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከመድኃኒቱ ጋር ሲገጣጠሙ ኃይሉን ሊቀንሱበት ይችላሉ፡፡ ለጠበል ወይም ለጾም ተብሎ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፡፡ ይህን ለንስሐ አባት ወይም ለሼኩ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል፡፡ ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል በሽታውን ስለሚያባብሱ፣ የትም ክሊኒክ ሲኬድ «ፓርኪንሰን አለባቸው» ብሎ መናገር ግድ ነው፡፡ ሁሩታ ሲጠፋ አሰላ ወይም አዳማ ከመንከራተት ደግሞ የአንድ ወር መጠባበቂያ መያዝ ይሻላል፡፡

ቤቱ

ዱካው ተነሥቶ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ገባ፡፡ የከሰል ምድጃው ከመተላለፊያ ራቀ፡፡ ነጠላ ጫማ ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ተተካ፡፡ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ መሐሉ የተቀደደ ወንበርና የግድግዳ መያዣ ብረት አሠራን፡፡ በር ላይ እግራቸው ከመሬት ተጣብቆ እምቢ ሲል መጎተት ያስወድቃል፤ ቆም አድርጎ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ መቁጠር ወይም መስመር እንደሚሻገሩ አድርገው እንዲራመዱ መንገር ይረዳል፡፡ መዋጥ ሲያስቸግራቸው ቆሎው ቀርቶ የአርሲ ገብስ በገንፎ መልክ መጣ፡፡ ለሆድ ድርቀቱም ውኃና አትክልት ጨመርን፡፡

አስታማሚዋና ሕጉ

እህቴን የምታግዝ ሠራተኛ ስንቀጥር ሕግ የተማርኩት እኔ ራሴ በቃል ብቻ ተዋዋልኩ፡፡ ሴትየዋ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሣች በወሩ ጥላን ሄደች፡፡ አልፈርድባትም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር አይሸፍንም፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አሠሪው አብሮት የሚኖር ሠራተኛን ማደሪያ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት በተመለከተ ጤናዋን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፡፡ ለሁለተኛዋ ደመወዙን፣ የሌሊት ተራውንና የዕረፍት ቀኑን በጽሑፍ አሰፈርን፤ እስካሁን አብራን አለች፡፡

ሌላው ውክልና ነው፡፡ አባቴ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ፊርማቸው ባንክ ካለው ናሙና ጋር አልመሳሰል አለ፡፡ በሽታው በአንዳንዶች ላይ እየቆየ አእምሮንም ይነካል፡፡ በሕጋችን ደግሞ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ይቋረጣል፡፡ ስለዚህ ሰውየው በሙሉ አእምሮው ሳለ፣ ሥልጣኑ በግልጽ ተዘርዝሮ ይሰጥ፤ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በጠቅላላ ውክልና አይገኝም፡፡

ብቻዬን ነኝ ለሚል፣ ወይዘሮ ክብራ ከበደ ከበሽታው ጋር እየኖሩ አዲስ አበባ ውስጥ ያቋቋሙት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ብቻውን እንዳልሆነ ማስረጃ ነው፡፡

የቤተሰቡ ደንብ

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፡፡ ይሁን እንጂ እህቴ ወንድሞቿን ፍርድ ቤት አትገትርም፡፡ ዝም ብላ ትደክማለች እንጂ፡፡ ስለዚህ ሕጉን ሳንጠብቅ አራታችን ተሰብስበን አንድ ገጽ ጻፍን፡፡ መድኃኒት የሚገዛው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ በየወሩ ሁሩታ ሄዶ እህታችንን የሚያሳርፈው በስም ተለየ፡፡ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፡፡

ጽሑፉን ለአባቴ አነበብኩላቸው፡፡ ፊታቸው ባይፈታም ዓይናቸው ሳቀ፡፡ በዚያ በቀጠነ ድምፃቸው፣ «የቀሪ መቀጫው አንቀጽ የት አለ?» አሉኝ፡፡

ጨመርነው፡፡ የመጀመሪያው ተቀጪም እኔ ሆንኩ፡፡