ጦስኝ፦ ከደጋ ተዳፋት ወደ ጓሮ

ጦስኝ በኢትዮጵያ ደጋና ውርጭ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ እስከ 4,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፣ ዓለት በበዛበት ተዳፋትና በሣር ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚያድግ መዓዛማ ተክል ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ እንጨታማ፣ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሲያብብ ንብ አይለየውም። በአገሪቱ ሁለት ዝርያዎች አሉት። አንደኛው በትግራይ፣ በስሜንና በወሎ ተራሮች ይበቅላል፤ ሌላው ከጎንደርና ከጎጃም በሸዋ በኩል እስከ ባሌ ይዘልቃል። ሁለቱም በአውሮፓ ጓሮዎች ከሚተከለው ጦስኝ የተለዩ አገር በቀል ዝርያዎች ናቸው።

ደገኛው በልማድ የሚያውቀው ተክል በዕፅዋት ሊቃውንት መዝገብ የሰፈረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ ገብቶ፣ በአካባቢው ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንትጮ ሹም እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1878 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሞተ። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ አውሮፓ እየተላኩ ተጠኑ። የሰሜኑ ዝርያ በ1848 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስሙን ሲያገኝ፣ ሌላው ሺምፐር ከሞተ በኋላ በእርሱ ስም ተሰየመ።

በማጀት የደረቀው ጦስኝ ከሌሎች ቅመሞች ጋር በሽሮና በበርበሬ ይገባል፤ እርጥቡም ሆነ ደረቁ ከሻይ ጋር ይፈላል። በባህል ሕክምና ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለራስ ምታትና ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል፤ ለደም ግፊትም የሚጠቀሙበት አሉ። ጠንካራ ሽታው የሚመጣው ቲሞልና ካርቫክሮል ከተባሉ የዘይቱ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ሁለቱም ተሕዋስያንን የመግደል ኃይል እንዳላቸው በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ደጋው ራሱ ስለሚያበቅለው ጦስኝን በጓሮ መትከል የተለመደ አልነበረም። ሴቶችና ልጆች ከተራራ እያጨዱ ለቤት ያውሉታል፤ የተረፈውን እንደ ደብረ ብርሃንና ጎባ ባሉ ገበያዎች ይሸጡታል። የከተማ ፈላጊ ሲበዛ፣ እየታሸገም በሱቅ መሸጥ ሲጀምር፣ ለቀማው በረታ። ከሥሩ የተነቀለ ተክል መልሶ አያቆጠቁጥም፤ የገብስ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፉ መሄዳቸውም ቦታውን አጠበበው።

እንዲህ ያለውን ጫና የሚገታ ደንብ በአንዳንድ ስፍራ ነበር። ጦስኝ በሚበቅልበት በመንዝ ጓሳ፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት የጋራ መሬቱ ለዓመታት እየተዘጋ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር። ዋና ዓላማው የጓሳ ሣርንና ግጦሽን መጠበቅ ቢሆንም፣ በዚያው ሌላውም ዕፅዋት ያገግም ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. የታወጀው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት ሲያፈርስ ቄሮ ላላ፤ ኋላ ግን ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቷል።

ሌላው መንገድ ማልማት ነው። ጦስኝ ከግንዱ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይራባል፤ ውኃ የማያቋር አፈርና በቂ ፀሐይ ካገኘ በመደብም ሆነ በማሰሮ ይጸድቃል። ከሥሩ ሳይነቀል ጫፍ ጫፉ ብቻ ከታጨደ ደግሞ እያቆጠቆጠ ደጋግሞ ምርት ይሰጣል።