ከሌባሻይ እስከ ሮንድ፦ አራዳን ማን ይጠብቃት ነበር?

«አራዳ» ስንል ዛሬ ብልጡን፣ የማይሸወደውን ማለታችን ነው። ድሮ ግን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ነው። ገበያ ካለ ደግሞ ሌባ አይጠፋም። ታዲያ ፖሊስ ሳይኖር ሌባውን ማን ይይዘው ነበር?

አንደኛው መልስ ሌባሻይ ነው። «ሻይ» የሚጠጣው እንዳይመስላችሁ፤ የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ በሰፈሩ ይመራል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ሁለተኛው በገጠር የተለመደው አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። የቀረ ይቀጣል።

ሁለቱም «ሰፈሩ ያውቃል» ከሚል እምነት የመጡ ናቸው። እምነቱ ልክ ነው። ችግሩ በሐሰት ለተጠቆመው ሰው መከላከያ አለመኖሩ ነው።

ከተማዋ ስታድግ የአራዳ ዘበኞች መጡ፤ የገበያው ጸጥታ በእነሱ ላይ ወደቀ። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰደው። ከነፃነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ተቋቋመ። አሁን ጠባቂው ደንብ ልብስ ለበሰ፤ ነዋሪው ደግሞ «የፖሊስ ጉዳይ ነው» ብሎ በሩን ዘጋ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌ ሲወለድ ጥበቃው እንደገና ወደ ሰፈር ተመለሰ። የሰፈሩ ልጅ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ያዘ። ሌባ ያዙ፣ ሌሊት ዘብ ቆሙ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ያው እጅ የጎረቤቱን ልጅ ከቤት አወጣ። ቀበሌው እስር ቤት ሆነ። ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ማወቅ የሰው ሕይወት የሚያጠፋበት ዘመን ነበር። ብዙ አዛውንት ዛሬም «ጠቁሙ» ሲባሉ ዝም የሚሉት ወደው አይደለም።

ከዓመታት በኋላ ፖሊስ «ማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል» ብሎ ሲመጣ ይህንን ዝምታ ነው ያገኘው። መኮንኑ ለአንድ አካባቢ ተመድቦ ነዋሪውን በስም ይወቅ ነው ሐሳቡ። ጃፓኖች ኮባን በሚሏት ትንሽ የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። እኛ ጋ ደግሞ ሰፈሩ ብር አዋጥቶ የሚቀጥረው የሌሊት ጠባቂ አለ፤ ሮንዱ፣ ፉጨቱና ዱላው። ሮንዱ የሚያየውን ለፖሊስ ቢነግር፣ ፖሊስም በጥቆማ ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ቢይዝና ፍርድ ቤት ቢያቀርብ፣ አፈርሳታ ያጣው ነገር ተሟላ ማለት ነው።

ግን ለዚህ ሁሉ ጎረቤት ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሰው ወደየአቅጣጫው ተበተነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፣ ካሜራም ይተከላል። «ይሄ ልጅ የእከሌ ልጅ ነው፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» የሚል ካሜራ ግን የለም። ሌባውን ከመጠቆም ባልተናነሰ ንጹሑን ልጅ ከጥርጣሬ የሚያድን ያ ምስክርነት ነበር።

አዲስ ሰፈር የገባችሁ፣ እስቲ ዛሬ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ጥበቃ ከዚያ ይጀምራል።