በሬ ያልገባበት ጓሮ
የዘጌ ገበሬ አፈሩን ያዳበረበት፣ አረምና ተባይን የተቆጣጠረበት ታሪክ

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ማዳበሪያ ነው። ይህም አያስገርምም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ በአማራ ክልል የተቋቋሙት ዩኒየኖች አብዛኛውን ጉልበታቸውን ያዋሉት ዳፕና ዩሪያ፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ገደማ ደግሞ ኤን ፒ ኤስ የተባለውን ማዳበሪያ ከወደብ ተረክቦ እስከ ቀበሌ መጋዘን በማድረስ ላይ ነው። ማዳበሪያው የዘገየበት ዓመት ገበሬው የተጨነቀበት ዓመት ነው፤ የ2015 ዓ.ም. ክረምት ገና ከማንም ኅሊና አልጠፋም።

ሆኖም በዚሁ በጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ርቀት ላይ፣ ማረሻ ያልነካው፣ የከብት ፍግም ያልተበተነበት፣ ነገር ግን ለብዙ ትውልድ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሲሰጥ የኖረ መሬት አለ። ዘጌ። ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው የገባ፣ ኮረብታማና በደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስንና ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖትን ለመሳለም ወይም ሥዕላቸውን ለማየት የሚሄድ እንግዳ ከጀልባው ወርዶ ሽቅብ የሚወጣው በቡና ጥላ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ደን ውስጥ ያለፈ ይመስለዋል። ያለፈው ግን በሰው ጓሮ ውስጥ ነው። እዚያ ከቡናው በላይ የቆመው ዋንዛ ባለቤት አለው፤ ከሥሩ ያለው ጌሾም፣ ከአጥሩ ዳር ያለው ሎሚም እንደዚሁ።

ቃል ኪዳኑ

የዘጌ ሰው የጓሮውን ታሪክ የሚጀምረው ከአቡነ በትረ ማርያም ነው። ትውፊቱ ጻድቁ በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ስፍራው እንደመጡ፣ በትራቸውን ከሦስት ከፍለው እንደተከሉና አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ እንደበቀለ ይናገራል። ከዚህ ጋር ቃል ኪዳን ተሰጥቷል፤ የዘጌ ሰው ሳያርስና ከብት ሳያረባ፣ ከተክሉ ፍሬ ይኖራል። ስለዚህም በባሕረ ገቡ መሬት ላይ በሬ መጥመድ፣ ላምና የጋማ ከብት ማርባት ውግዝ ሆኖ ኖሯል።

የታሪክ ምሁራን ቡና በዘጌ የተስፋፋው ከትውፊቱ ዘመን በእጅጉ ዘግይቶ ነው ይላሉ። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ብዙው የሰሜን ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይሸሸው ስለነበር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ይህን ያህል ቡና መብቀሉ በራሱ የሚያስደንቅ ነው። የተተከለው ለመጠጣት ሳይሆን ለገበያ እንደነበር ግልጽ ነው። ገዢው ሙስሊሙ ነጋዴ ነበር። በኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጣና ዳር ቡና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር።

ክልከላውን ከእርሻ ሥራ አንጻር ለሚመለከተው ሰው ግን የትውፊቱ ዕድሜ ብዙም አያሳስበውም። ምግብ የሚስበው የቡና ሥር ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ይዘረጋል። በቡና ሥር የሚያልፍ ማረሻ ይህን ሥር ይበጣጥሰዋል። የተለቀቀ ከብት ደግሞ ከእናት ዛፍ ሥር የሚበቅለውን ወፍ ዘራሽ ችግኝ ነጭቶ ይጨርሰዋል። መሬቱ ተዳፋት፣ ዝናቡ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ አብዛኛው በክረምት አራት ወራት የሚወርድ ስለሆነ፣ የታረሰ አፈር ወደ ጣና ለመውረድ ብዙ ዓመት አይፈጅበትም። ቃሉን የሰጠው ማንም ይሁን ማን፣ አፈሩ በቦታው ቀርቷል።

ኩበት በሌለበት

በደጋማው ጎጃም የጓሮ መሬት ሁልጊዜ ከሩቅ ማሳ ይለማል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የምድጃ አመድ፣ የቤት ጥራጊና የበረት ፍግ የሚደፋው ከቤቱ ጀርባ ነው። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ በርበሬው፣ ዱባው በዚህ ይጠግባል። የሩቁ ማሳ ግን ድርሻውን አያገኝም፤ የማገዶ እንጨት በጠፋበት አገር ደግሞ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። አመድ በጎመን ላይ መነስነስም ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ልማድ ነው፤ ክሽክሽን ያባርራል፣ ለአፈሩም ፖታሽ ይጨምራል።

የዘጌ ገበሬ በረት ስላልነበረው ሌላ መንገድ መከተል ግድ ሆኖበታል። የእሱ ማዳበሪያ ከላይ የሚወርድ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ሾላው በበጋ የሚያረግፈው ቅጠል ቡናው ሥር ይነጠፋል፣ ክረምት ሲገባ ይበሰብሳል። የነዚህ ዛፎች ሥር ቡናው የማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ስለሚወርድ፣ ከዚያ የሳቡትን ንጥረ ነገር በቅጠል መልክ ወደ ገጽ ይመልሱታል። ሰሳና ብርብራ የባቄላና የአተር ወገን ስለሆኑ ደግሞ በሥራቸው በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ይይዛሉ። ገበሬው ዩሪያን ከመጋዘን እንደሚረከብ ሁሉ፣ ዘጌ ከዛፍ ተረክቧል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 አለምነው አለልኝ፣ ደመል ተከታይ፣ ዮናስ የምሻውና ሱ ኤድዋርድስ ስለ ባሕረ ገቡ መሬት ባሳተሙት ጥናት ከመቶ በላይ የእንጨት ተክል ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በሌላው የጣና ዳርቻ ይህን ያህል የሚያገኝ ሰው ብዙ መዞር አለበት።

ብርብራ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ዛፍ ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ፈጭተው ውኃ ላይ በመበተን ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር፤ ዘሩ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር በሌላው ዓለም ሲሸጥ የኖረ ፀረ ተባይ ነው። ተመራማሪዎችም የዘሩን ዱቄት በጎተራና በማሳ ተባዮች ላይ ሞክረው መግደሉን አይተዋል። አንድ ዛፍ ጥላ፣ ናይትሮጂንና መርዝ ባንድ ላይ ሲሰጥ ማየት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። መርዝነቱ ግን እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል። ዓሣን የሚገድል ነገር ውኃ ዳር በዘፈቀደ የሚረጭ አይደለም።

ይህ አሠራር ዋጋ አለው። ጥላው የበዛበት፣ ሳይገረዝ ወደ ላይ የረዘመ አሮጌ ቡና የሚሰጠው ምርት ትንሽ ነው። ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ በቆሎውም ከውጭ መምጣት ነበረበት። የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ይዞ አፋፍ ገበያ ወጥቶ እህል ሸምቶ ይመለስ ነበር። የእህል ዋጋ በናረ ዘመን የዘጌ ረሀብ ከጎረቤቱ ረሀብ የሚቀድመውም በዚህ ምክንያት ነው።

አረሙን ማን አረመ?

ጥላ አረምን ያቀጭጫል። ሰርዶና ሙጃን የመሳሰሉ ሣሮች ፀሐይ ካላገኙ አይጠነክሩም፤ የረገፈው ቅጠልም ዘራቸውን ያፍናል። ቢሆንም ክረምት ጠግቦ በዘነበበት ጓሮ ሐረጉ፣ ቁጥቋጦውና ቅጠላ ቅጠሉ ቡናውን ለመዋጥ ጊዜ አይወስድበትም። ለቀማ ከመድረሱ በፊት ከሥሩ መመንጠር አለበት፤ ያለዚያ የረገፈው ፍሬ አይታይም፣ ለቃሚም አይገባም። በሬ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ የሚሠራው በማጭድ፣ በገጀራና በመኮትኮቻ፣ ማለትም በሰው ክንድ ነው።

የማን ክንድ ነበር? ስለ ዘጌ በሚጻፉ የጎብኚዎች መጻሕፍት ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ግን መልሱን በግልጽ አስቀምጠውታል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ያለውን ዘመን የሚሸፍን ሲሆን፣ የቡናው ባለቤቶች በአብዛኛው ቀሳውስትና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንደነበሩ፣ ጓሮውን የሚመነጥሩትና ቡናውን የሚለቅሙት ደግሞ ከምዕራብ ጎጃም ጠረፍ፣ ከጉሙዝ አገርና ከቤላ ሻንጉል በኩል ተፈንግለው የተሸጡ ሰዎች እንደነበሩ ያሳያል። የቡና ዋጋ ከፍ ሲል የሰው ገበያም አብሮ ደርቷል። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተንም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ዘጌ ባወጣው መጽሐፍ፣ ይህ ታሪክ በነዋሪው ኑሮ ውስጥ ጥሎት ያለፈውን ጠባሳ ሳይሸፋፍን ጽፏል።

ስለዚህ «የዘጌ ሰው ሳያርስ ይኖራል» የሚለው ቃል ሁለት ገጽ ነበረው። የበሬ ጉልበት ቀርቶ የሰው ጉልበት ተተክቷል። በ1916 ዓ.ም. የወጣው ባርነትን ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር አዋጅ በዘጌ ጓሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቀንበሩ ላላ፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ባርነትን በሕግ ፈጽሞ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ምንጣሮና ለቀማ ወይ የባለ ጓሮው ቤተሰብ ሥራ፣ ወይ የቀን ሠራተኛ ሥራ ሆኗል። ያልተከፈለበት ጉልበት ሲቀር ብዙ ሰፊ ጓሮ በአረም መዋጡና መከፋፈሉ የሚጠበቅ ነበር። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላም የቤተ ክርስቲያንና የባላባት ይዞታ የሚባለው ነገር ቀረ።

በሽታውና ምሳሩ

ዘጌ ብዙ አይታለች። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን እዚያ አስፍረው፣ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን እዚያ አነጋግረዋል፤ ሰፈሩን ያስለቀቀው ኮሌራ ነበር። ያን የሚያህል ሠራዊት ስንት እንጨት እንደሚያነድድ ለጣና ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም።

የቡናው ጠላቶች ግን ድምፅ የላቸውም። የቅጠል ዋግ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የሲሎንን ቡና አጥፍቶ አገሪቱን ወደ ሻይ አዙሯታል፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1934 ቢመዘገብም በጥላ ሥር ከሚኖረው፣ ዘሩ ከተደባለቀው ቡና ጋር ተቻችሎ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1971 የታየው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲ ቢ ዲ የሚባለው፣ ከዚህ ይከፋል። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያደርቀዋል። የጅማ ምርምር ማዕከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መርጦ ማውጣት የቻለው በአገሪቱ ደኖች ውስጥ የተለያየ ዘር ስለነበረ ነው። እዚህ ላይ ጥላውን ማሞካሸት ብቻ ትክክል አይሆንም። እርጥበቱን ይዞ የሚያውል የታፈነ ጓሮ ለሻጋታ የተመቸ ነው። ግረዛ፣ ያረጀውን ቡና ጉንደላ፣ የበዛውን የጥላ ቅርንጫፍ ማሳሳት ለዘጌም ያስፈልጋል። የደረቀውንና የታመመውን ፍሬ ከዛፉ ላይ አራግፎ መቅበርም መርጫ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የጦጣው ነገር ከጥንትም በጥበቃ እንጂ በመድኃኒት አልተፈታም።

ከበሽታው ይልቅ ጓሮውን ያመነመነው ግን ምሳር ነው። ባሕር ዳር እያደገች ስትሄድ ማገዶ ተፈላጊ ሆነ፤ በታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማ የሚሄደው እንጨት የዘጌ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 እንደታየው የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ፣ ጤፍ መሸመት ያለበት ገበሬ እጁን የሚዘረጋው ወደ ዛፉ ነው። አንድ ዋንዛ ሲወድቅ የሚሄደው እንጨት ብቻ አይደለም። በየዓመቱ የሚረግፈው ቅጠል ይቀራል፣ ፀሐይ ይገባል፣ ሰርዶና ሙጃ ይከተላል፣ የምንጣሮው ወጪ ይጨምራል። ቀጥሎ የሚመጣው የማዳበሪያና የፀረ አረም ጥያቄ ነው። የጣና ሐይቅ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ግን ለዘጌ ገበሬ የጤፍ መግዣ አይሆንም። ቡናው የተሻለ ዋጋ ካላገኘ ዛፉ አይተርፍም፤ ይህ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ ነው።

በማዳበሪያ በኩል የዘጌ ጓሮ የጎደለው ነገር መመለስ ነው። ቡናው በጀንፈል ደርቆ ከተሸጠ ገለባው አብሮ ይሄዳል፤ የቡና ገለባ ደግሞ በፖታሽ የታወቀ ነው። ተፈልፍሎ ከተሸጠ ግን ገለባው ለኮምፖስት ይቀራል። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ባካሄደው ሥራ ኮምፖስት ያገኙ ብዙ ማሳዎች ዳፕና ዩሪያ ካገኙት ጋር የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ እህል ሰጥተዋል፤ ይህን ሥራ ከመሩት አንዷ ሱ ኤድዋርድስ የዘጌን ዛፎች ካጠኑት መካከልም ነበሩ።

በቀበሌ የሚሰጠው የኮምፖስት ሥልጠና ግን እርጥብ የከብት እበት ይጠይቃል። ለዘጌ ይህ አይሆንም፤ እበቱን ከአፋፍ ወዲያ ማዶ ተሸክሞ ማምጣትም አያዋጣም። የእበቱ ዋና ጥቅም ማብላያ ረቂቅ ሕይወት መስጠት ስለሆነ፣ ከአሮጌ ዋንዛ ሥር የሚታፈስ ሁለት ሦስት ቅርጫት ጥቁር አፈር በየንጣፉ መሐል ቢበተን፣ ከገለባው፣ ከተመነጠረው እርጥብ አረምና ከምድጃ አመድ ጋር ጉድጓዱን ለማስጀመር ይበቃል። አረሙ ዘር ሳይቋጥር መታጨድ አለበት፤ ሰርዶ ግን ከነሥሩ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ተመልሶ ስለሚያቆጠቁጥ አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።