ለሥነ ልቦና የሙያ ፈቃድ ፈተና ጊዜን መደልደል

በአሜሪካና በካናዳ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለሙያ ፈቃድ የሚቀመጡበት ፈተና «ኢፒፒፒ» ይባላል፡፡ 225 ጥያቄዎች በ4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሠራሉ፤ ነጥብ የሚያዝባቸው ግን 175ቱ ናቸው፡፡

በመጀመሪያው ሙከራዬ የወደቅሁት ባለማንበቤ ሳይሆን ጊዜዬን ባለመመጠኔ ነው፡፡ ስታቲስቲክስን ስለምፈራው ከሥራ በኋላ ያሉኝን ምሽቶች በሙሉ ሰጠሁት፡፡ ይሁንና ከስምንቱ የይዘት ክፍሎች የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ የሚይዘው 7 በመቶ ብቻ ነው፡፡ ምዘናና ምርመራ፣ እንዲሁም ሥነ ምግባርና ሕግ እያንዳንዳቸው 16 በመቶ ይይዛሉ፡፡

በሁለተኛው ዙር የመደብኩትን 200 ሰዓት በዚሁ ድርሻ ከፋፈልኩ፤ 14 ሰዓት ለስታቲስቲክስ፣ 32 ሰዓት ለሥነ ምግባርና ሕግ፡፡ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሰዓት ይዤ ሙሉ ፈተና ተለማመድኩ፤ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 68 ሰከንድ ነውና፡፡ በዚህ መንገድ አለፍኩ፡፡