የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ የቡድን ጉዞ

የሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር እንዳለበት ወደሚታመነው፣ በሰሜን ምዕራብ ስፔን ወደሚገኘው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል በአስጎብኚ መሪነት በእግር የሚደረግ ጉዞ ነው። ምእመናን ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩትን ይህን መንገድ ዩኔስኮ በ1993 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ብዙ ቡድኖች የሚነሡት ከሳሪያ ከተማ ነው፤ ከዚያ እስከ ሳንቲያጎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እግረኛ ለተሳላሚነት ምስክር ወረቀት የሚጠየቀውን 100 ኪሎ ሜትር ያሟላል። ሻንጣ በመኪና ይቀድማል፤ ተጓዡ ውኃና የዝናብ ልብስ ብቻ ይዞ፣ መንገዱን የሚያመለክተውን ቢጫ ቀስት እየተከተለ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ያዘግማል። የተሳላሚ ደብተሩን ግን ከእጁ አይለይም፤ ለምስክር ወረቀቱ ማስረጃ እንዲሆነው በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ወይም በቡና ቤት ማኅተም ያስመታበታል። ጥሩ አስጎብኚ ሁሉም እኩል ካልተራመደ አይልም፤ ብቻውን እየጸለየ መሄድ የሚሻውን በራሱ እርምጃ እንዲመጣ ይተወዋል፤ ማታ ማረፊያው ላይ ይገናኛሉ።