የሬገንስቡርግ ጉባኤ ዜና

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1541 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት አምስተኛው ካርል የጀርመንን መሳፍንትና ጳጳሳት በዳኑብ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ሬገንስቡርግ ከተማ ሰበሰበ። ማርቲን ሉተር በቪተንበርግ ከተነሣ 24 ዓመት ሆኖት፣ አገሩ በሃይማኖት ተከፍሎ ነበር። በምሥራቅም የቱርኩ ሱልጣን ሱለይማን ሀንጋሪን ያስጨንቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እርስ በርሱ የተጣላ ሕዝብ ይህን ጠላት እንደማይመክት ዐውቆ ሊቃውንቱ ተከራክረው እንዲታረቁ አዘዘ።

ከካቶሊክ ወገን ዮሐንስ ኤክን፣ ዩልዮስ ፕፍሉግንና ዮሐንስ ግሮፐርን፣ ከፕሮቴስታንት ወገን ፊሊጶስ ሜላንክቶንን፣ ማርቲን ቡሰርንና ዮሐንስ ፒስቶሪየስን መረጠ። ኤክ በ1519 በላይፕሲክ ሉተርን ራሱን ተከራክሮ ስሙ የገነነ፣ ነገር የማይበርድለት ሰው ነበር። ከሮምም የጳጳሱ የሣልሳዊ ጳውሎስ እንደራሴ ሆኖ ካርዲናል ጋስፓሮ ኮንታሪኒ መጣ።

የዚህን ሰው ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኮንታሪኒ የቬኔስያ መኳንንት ልጅ ነው። በወጣትነቱ ወዳጁ ዓለምን ንቆ ወደ ገዳም በገባ ጊዜ፣ እርሱ በዓለም ቀርቶ የሠራው ንስሐ ለኃጢአቱ እንደማይበቃ እያሰበ ብዙ ተጨነቀ፤ ዕረፍት ያገኘው በክርስቶስ ሕማም በመታመን ነው። ስለዚህ ሰው በምን ይጸድቃል የሚለው ክርክር ለእርሱ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አልነበረም። በጉባኤው መካከል ባይቀመጥም የካቶሊኮቹን ሊቃውንት የሚመክር እርሱ ነበር።

ክርክሩ ኤፕሪል 27 ተጀመረ። ለመነሻ የቀረበው መጽሐፍ 23 አንቀጽ ነበረው፤ ግሮፐርና ቡሰር አስቀድመው በቮርምስ በምስጢር ያዘጋጁት ነው። ስለ ሰው ተፈጥሮ፣ ስለ ነጻ ፈቃድና ስለ አዳም ኃጢአት የሚናገሩት አራቱ አንቀጾች ፈጥነው አለፉ። አምስተኛው የጽድቅ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ቃል ተጣለ፣ ብዙ ቃል ተነሣ። ሜይ 2 ቀን ግን ሁለቱም ወገን ተስማሙ፦ ኃጢአተኛ የሚጸድቀው ሕያው በሆነ፣ በፍቅርም በሚሠራ እምነት ነው፤ ጸጋ ሰውን በውስጡ ያድሰዋል፤ ነፍስ ግን የምትደገፈው በዚህ በራስዋ እድሳት ሳይሆን በክርስቶስ ጽድቅ ነው። ኮንታሪኒ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ከስትራስቡርግ የመጣው የፕሮቴስታንቱ መምህር ዮሐንስ ካልቪን እንኳ ካቶሊኮቹ ይህን ያህል በመቀበላቸው መደነቁን ለወዳጁ ጻፈ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የሚናገረው አንቀጽ ለኋላ እንዲቆይ ተደረገ። ከቅዱስ ቁርባን ሲደርሱ ነገሩ ጠጠረ። ፕሮቴስታንቶቹ ጌታ በቁርባኑ በእውነት እንዳለ አልካዱም፤ የኅብስቱ ባሕርይ ተለውጦ ይጠፋል የሚለውን ግን አንቀበልም አሉ። ያን ሁሉ ዕርቅ የተመኘው ኮንታሪኒ በዚህ ጸና፤ ስለ ኅብስቱ መለወጥ በ1215 በላተራን ጉባኤ የተወሰነውን ለሰላም ብዬ አላድበሰብስም አለ። በእኔ ፍርድ ይህ ሰው ሊወቀስ አይገባውም፤ ያላመነበትን ፈርሞ የሚገኝ አንድነት እርሱ የፈለገው አንድነት አልነበረም። ኤክም በንዳድ ታሞ ከጉባኤው ቀረ። በኑዛዜም ነገር እንደዚሁ ሳይስማሙ ቀሩ።

የጽድቁንም ስምምነት በቪተንበርግ ሉተር የተጣጣፈ ነገር ነው ብሎ ናቀው፤ ሮምም አልተቀበለችውም። ጁላይ 29 ጉባኤው ያለ ዕርቅ ተበተነ። በሚቀጥለው ወር ሱለይማን ቡዳን ያዘ።

ኮንታሪኒ ለፕሮቴስታንት አደላ ተብሎ ታማ፤ በ1542 በቦሎኛ ሞተ። በ1547 የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ ስለ ጽድቅ ሲወስን የሬገንስቡርግን መንገድ አልተከተለም። በጀርመንም ንጉሠ ነገሥቱና የፕሮቴስታንት መሳፍንት በጦር ተዋጉ። ሜላንክቶንና ፕፍሉግ ግን በ1557 በቮርምስ እንደገና ለክርክር ተገናኙ፤ አንዱ 60፣ አንዱ 58 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ፕሮቴስታንቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ጉባኤው ሳይጸና ፈረሰ።