የቀጥታ ሥርጭትና ማኅበራዊ ፋይዳው

የቀጥታ ሥርጭት የምንለው አንድ ክንውን በሚካሄድበት ቅጽበት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ለሕዝብ ሲተላለፍ ነው። ዳንኤል ዳያንና ኤሊሁ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለው ሥርጭት መደበኛውን ፕሮግራም አቋርጦ ተራርቆ የሚኖረውን ሕዝብ በአንድ ሰዓት እንደሚያሰባስብ አስረድተዋል።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሙስሊሙ በዓላት በመንግሥት ዘንድ እንደ ብሔራዊ በዓል አይታወቁም ነበር። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓ (አረፋ) እና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከሚያዝያ 12 ቀን 1966ቱ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ በኋላ፣ በ1967 ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ስታዲየም የዒድ ሰላት በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት በምሥራቅ ጎጃም፣ ለምሳሌ በደብረ ወርቅ፣ ትርጉሙ ከፍ ይላል። ሙስሊሙ የሰፊው ጀመዓ አካል መሆኑን ያያል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱም ተክቢራውን ሰምቶ በዓሉን ያውቅለታል።

ሥርጭቱ ግን ወሰን አለው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ዒድን በየቤታችን ስንሰግድ፣ በርካታ ዑለማዎች በቴሌቪዥን የሚታይን ኢማም ተከትሎ መስገድ እንደማይበቃ አስታውቀዋል። ስክሪኑ ያስተዋውቀናል፤ ሶፍ ግን አያሰልፈንም።